ከበሮ መቺው ስም የለውም እንዴ?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የሚነገረው ወንበር ለሚያምራቸው ሰዎች ነው። የተቀመጠውን ሲያሙ ኖረው፣ ተራው ሲደርሳቸው ምቱ ለሚጠፋባቸው ሰዎች። ለዚህ ለዚህማ ምሳሌ አናጣም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ይሙላ! እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ተረቱ ራሱ የዘለለውን ሰው ነው። ለመሆኑ ከበሮው በእጁ ያማረለት ያ «ሰው» ማነው? ስምስ የለውም እንዴ?

ነገሩን ያመጣብኝ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት የሰማሁት ክርክር ነው። ከጎኔ የተቀመጡ አራት ወጣቶች ስለ ፈረንጅ ድራመሮች ይፋጃሉ። አንደኛው የሌድ ዜፕሊኑን ጆን ቦናምን ያነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 እሱ ሲሞት ጓደኞቹ ያለሱ አንጫወትም ብለው ባንዱን እንደበተኑት ይተርካል። ሁለተኛው የዘ ሁውን ኪት ሙን ይዞ ሽንጡን ገትሯል። ሦስተኛው ሪንጎ ስታር እንደ ሌሎቹ ሳይንጫጫ ቢትልስን ቀጥ አድርጎ መያዙን ያስረዳል። አራተኛው የሮሊንግ ስቶንስን ቻርሊ ዋትስን ይላል። ዕውቀታቸው ያስቀናል። ጣልቃ ገባሁና «ይቅርታ ወንድሞቼ፣ የዋሊያስ ባንድ ድራመር ማን ይባላል?» አልኳቸው።

ጸጥ! አንዱ እንደ ፈተና ተማሪ ጣሪያውን አየና «ሙላቱ አስታጥቄ?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ተማረ ሐረጉ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቼ በለው» በተባለው የዋሊያስ ሸክላ ላይ ድራሙን የመታው እሱ ነው። ዛሬ ያን ሸክላ ቶኪዮም ፓሪስም ያለ ሙዚቃ ወዳጅ እንደ ወርቅ ይፈልገዋል። ኦርጋኑን የተጫወተውን ኃይሉ መርጊያን ዓለም ያውቀዋል፤ ዋሊያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው መቅረቱን፣ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ መንዳቱን፣ በስተርጅና ተመልሶ መድረክ ላይ መውጣቱን ስንት ጋዜጣ ጽፎለታል። ይገባዋልም። ግን ኦርጋኑ የተራመደበትን ምንጣፍ ያነጠፈው ሰውስ?

ልጆቹን ልወቅስ አይደለም። ከየት ይወቁት? ያኔ በእጃችን የነበረውን ካሴት አስታውሱት። ሽፋኑ ላይ የድምፃዊው ጉርድ ፎቶ አለ። ከታች የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ። ደግ ቀን ከሆነ ግጥምና ዜማ የደረሰው ይጠቀሳል። ከዚያ «በሮሃ ባንድ የታጀበ» ይላል፤ አለቀ! አምስትና ስድስት ሰው ላቡን ያፈሰሰበት ሥራ በሁለት ቃል ይጠቀለላል። ከነዚያ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም ኋላ፣ በጭስና በጨለማ ተከልሎ የሚቀመጠው ድራመሩ ነው። ባለ ሳክስፎኑ እንኳ ብቻውን ሲነፋ ይጨበጨብለታል።

ሮሃ ካልኩ አይቀር ወደ አገሬ ልውረድ። ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስሟ ነው። እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። ጂዮቫኒ ሪኮና ሰላም ስዩም የነበሩበት አይቤክስ ባንድ በኋላ ሮሃ ሲባል፣ ያቺ የቋጥኝ ከተማ በኤሌክትሪክ ጊታር አዲስ አበባ ገባች። ከጥላሁን ገሠሠ እስከ ማሕሙድ አሕመድ፣ ከዚያም እስከ ኤፍሬም ታምሩ ያልታጀበ ስመ ጥር የለም። በኛው በወሎ ደግሞ ማሪቱ ለገሰን ያፈራው «ወሎ ላሊበላ ኪነት» ነበር። እንግዲህ ከተማዋ ስሟን ለባንድ ስትሰጥ አንድ ብቻ አይደለም። ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ላሊበላን ያየ ሰው ቋጥኙን ያደንቃል፤ ላሊበላ ያደገ ሰው ግን በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ከበሮውን ነው።

በገና ሌሊት፣ ታኅሣሥ 29 ሊነጋጋ ሲል፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኵሉ» ይባላል። ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚባለው የድንጋይ ግንብ ላይ እንደ መላእክት ተሰልፈው፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው እንደ እረኞች ሆነው ይቀባበላሉ። ያን ሁሉ ነጭ ለባሽ እንደ አንድ ሰው የሚያወዛውዘው ማን ይመስላችኋል? ከበሮ ያነገተው ነው። እሱ ግማሽ ምት ቢያጠፋ የመቶ ሰው እግር ይሰናከላል።

የከበሮውን ሥርዓት ለማያውቅ ላስረዳ። ግንድ ተፈልፍሎ፣ በሁለት በኩል የበሬ ቆዳ ተለጉሞ፣ በጠፍር ተወጥሮ ይሠራል። አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። ሊቃውንቱ ሰፊው የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ ጠፍሩ የግርፋቱ፣ ማንገቻው የታሰረበት ገመድ ምሳሌ ነው ይላሉ። እንግዲህ ከበሮ መቺ ማለት የክርስቶስን ሕማም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚያሸበሽብ ሰው ነው። ደግሞ ከመሬት ተነስቶ አይደበድብም። በቁም ዜማ ከበሮው ዝም ይላል። በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ከበሮው አሁንም ይጠብቃል። በመረግድ ቀስ ብሎ ይገባል፤ እየሞቀ እየሞቀ ሄዶ በጽፋት ከጭብጨባው ጋር ይፈነዳል። ዝም ማለት መቼ እንደሆነ ማወቅ ግማሹ ሙያ ነው። ይህን ደግሞ ብዙ ተናጋሪዎቻችን ቢማሩት እንዴት ባማረ!

አጎቴ ከዚህ የወጣ ሰው ነው። ጋሼ እያልኩ ስለምጠራው እዚህም ጋሼ ልበለው። በልጅነቱ ላሊበላ ቆሎ ተማሪ ነበር። እጁ ከበሮ ላይ ሲውል ሌላ ፍጡር ይሆናል ይሉታል። አብዮቱ መጥቶ ቀበሌውም አውራጃውም ኪነት ሲያቋቁም፣ ካድሬዎቹ «አንተ ከበሮ ትችላለህ» ብለው አንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ዶሉት። እዚያ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረንጅ ድራም ያየው። «በሁለት እጅ የምመታውን በሁለት እግር ጨምረህ ምታ አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ስዘምር እግሬ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!» ይለኛል ሲያጫውተኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ገባ። በሰዓት እላፊው ዘመን የሆቴል ሙዚቃ ማታ ከተጀመረ እስከ ንጋት ነበር፤ የገባ ሰው ሳይነጋ መውጣት አይችልማ! ድምፃዊው ይለዋወጣል፣ አስተናጋጁ ያንቀላፋል። ድራመሩ ግን እስኪነጋ ችክችካውን ይመታል። ጋሼ በዚህ ዓይነት ስንት ካሴት እንደ መታ እሱም አይቆጥረውም። በአንዱም ላይ ስሙ የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

በ1977 ዓ.ም. እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መንግሥት መስከረም ላይ አሥረኛውን የአብዮት በዓል፣ ኢሠፓን መሥርቶ፣ አዲስ አበባን ቀይ አልብሶ አከበረ። በዚያው መስከረም ላስታ ላይ ማሳው አቧራ ሆኖ ነበር። ለበዓሉ ሲባል ወሬው ታፈነ። ጥቅምት 13 የእንግሊዙ ቢቢሲ ኮረም ላይ የተነሳውን ፊልም ባያሳይ ኖሮ ታፍኖ ይቀር ነበር። እኛ ከቤት ስንወጣ አራት ነበርን፤ እናቴ፣ እኔ፣ ታላቅ እህቴና ትንሹ ወንድሜ። ጋሼ አዲስ አበባ ድራም ይመታል፤ ሬዲዮው ስለኛ አልነገረውም። ኮረም ስንደርስ ሦስት ሆነን ነበር።

ኅዳር 16 ቀን 1977 ለንደን ውስጥ ያን ፊልም ያዩ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች አንድ ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የደረሱትን መዝሙር ለማስቀረጽ ነው። የድራም ምቱን አስቀድመው በማሽን ሠርተውት ነበር። የጄነሲሱ ፊል ኮሊንስ ግን ሙሉ ድራሙን ጭኖ መጣና በማሽኑ ላይ የራሱን እጅ ጨመረበት። መዝሙሩ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ እንግሊዝ አገር ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ያ ታላቅ ኮንሰርት ተደረገ። ያው ኮሊንስ ለንደን ላይ ተጫውቶ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን አቋርጦ በዚያው ቀን ፊላደልፊያ ደረሰ፤ በሟቹ በቦናም ወንበር ላይም ከቶኒ ቶምፕሰን ጋር ሆኖ ለሌድ ዜፕሊን መታ። አልተሳካም። በልምምድ አልተስማሙም፤ ምቱ ተዛነፈ፤ ባንዱም በኋላ ያ ፊልም በይፋ እንዳይታተም ከለከለ። ኮሊንስን የሚያህል ሰው! «ሲይዙት ያደናግር» ማለት ይሄ ነው።

ለመጡልን ሰዎች ምስጋናዬ የማይለወጥ ነው። የበላሁትን ብስኩት አልክድም። ግን መዝሙሩ ርዕሱ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ገና መሆኑን እነዚያ ሰዎች ያውቁ ይሆን? የሚል። እነዚያ ሰዎች እኛ ነን። አርባ ዓመት ሙሉ በየታኅሣሡ በየሱቁ ሲጠየቅ የኖረ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አርባኛ ዓመቱን አስመልክተው እንደገና አደባልቀው ሲያወጡት፣ በአንደኛው ቅጂ የዘፈነው ኤድ ሺረን እንኳ ቢጠይቁኝ ድምፄን አልሰጥም ነበር አለ። ከተጠያቂዎቹ አንዱ ስለሆንኩ መልሱን ልስጥ።

እናውቅ ነበር።

መጀመሪያ ነገር፣ እነሱ ገናን ያከበሩት ታኅሣሥ 16 ነው። ለኛ ገና ገና ነበር፤ 13 ቀን ይቀረው ነበር። ሁለተኛ፣ ጾመ ነቢያት ላይ ነበርን። አዎን፣ የሚበላ የሌለው ሰው ይጾም ነበር! እናቴ የታደለንን ወተት «ለልጆቹ ይሁን፣ እኔ እጾማለሁ» ስትል ነጯ ነርስ አስተርጓሚውን ደጋግማ የጠየቀችው ምን ማለቷ እንደሆነ ስላልገባት ነው። ሦስተኛ፣ በታኅሣሥ 29 ሌሊት ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ከድንኳኖቹ መሀል አንድ ምት ተሰማ። አንድ የላስታ ደብተራ ናቸው። ከበሮ ከየት ይምጣ? የዕርዳታ ዘይት የመጣበትን ባዶ ቆርቆሮ በጨርቅ አንገታቸው ላይ አስረው ይመታሉ። ዱም፣ ዱም፣ ከዚያ ዝም፤ እንደገና ዱም። በመረግድ ነበር የጀመሩት፤ ለጽፋት ጉልበት አልነበራቸውም። እናቴ ቀና አለችና «ተወለደ» አለችን። እህቴ በሁለት ጣቷ አጨበጨበች።

ገና መሆኑን ያወቅነው እንዲህ ነው፤ በአንድ ስሙን በማላውቀው ከበሮ መቺ። ዓለም በሙሉ የፊል ኮሊንስን ስም ያውቃል። የኮረሙን ደብተራ ስም እኔም፣ የሰማሁት፣ አላውቅም። ያሳፍረኛል። ይህን ጽሑፍ የማጽፈው እፍረቴ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

«እና ምን ይሁን ነው የምትለው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልመልስ። ስም ማጣት የክብር ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነው። ከጄምስ ብራውን ጋር የመታውን ክላይድ ስተብልፊልድን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1969 የቀረጸውን አንድ የድራም ምት በኋላ የራፕ ሰዎች እየቆረጡ እጅግ ብዙ ዘፈን ሠሩበት፤ በዓለም ላይ አብዝተው ከተቀዱት ምቶች ግንባር ቀደም ነው። ደራሲው ጄምስ ብራውን ተብሎ ስለተመዘገበ ግን መቺው ከዚያ ሁሉ ድርሻ ሳይደርሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ሞተ። አዲስ አበባ ላይ ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» እያልን ስናጨበጭብ፣ ያስጨፈረን የነዚያ ድራመሮች ምት መሆኑን ማን አሰበ? አሜሪካ ይህን ካደረገ እኛ ዘንድ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ፣ እዚያ ቢያንስ ስሙ ተጽፎ ስለተገኘ መቆጨት ተችሏል። ስሙ ያልተጻፈ ሰው የሚቆጭለትም የለው።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ለሚባለው፣ ማለትም ለሚዘፍነውም ለሚመታውም፣ መብት ይሰጣል። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል። እዚህ ላይ እስቲ ልሳቅ! ነጋሪት ምንድነው? ከበሮ ነው እኮ! የንጉሥ አዋጅ ሲነገር የሚጎሰም ከበሮ። በ1934 ዓ.ም. ጋዜጣው ሲቋቋም ስሙን ከከበሮ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡም ሄዱ፣ ደርግም ሄደ፣ ኢሕአዴግም ሄደ፤ ነጋሪቱ ግን አልተቋረጠም። የመንግሥት ከበሮ ሁልጊዜ ይሰማል። «ስማ!» ይላል፣ ሕዝቡም ይሰማል። መንግሥት ግን ከበሮ የሚመታውን ሰው ሰምቶት አያውቅም። ጋሼ ያንን አዋጅ ይዞ የት ይሂድ? ስሙ ያልተጻፈበትን ካሴት ይዞ «ይህ እጅ የኔ ነው» ቢል ምን ማስረጃ አለው?

እሱን ከመድረክ ያወረደው ደግሞ ሰው እንኳ አይደለም። የደርግ ዘመን አልቆ ሰዓት እላፊው ሲነሳ «አሁን ገና ልንሠራ ነው!» ብሎ ነበር። የመጣው ግን ኪቦርድ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ ውስጡ ደግሞ ድራም ያለበት። አንድ ምሽት ቤቱ ባለቤት ጠርቶ፣ «ይሄ ማሽን እራት አይበላም፣ አያመሽብኝም፣ ታክሲም አልከፍልለትም» አለው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ያኔ ሁሉም ቤት ያደረገው ነውና። ጋሼ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? «ልክ ነህ ጌታዬ፤ አይሳሳትምም። ችግሩ እሱ ነው» ብሎት ዱላዎቹን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። አሁን ያ አባባል ሲገባኝ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሰው ሲመታ ዘፋኙ ቢያለቅስ ይጠብቀዋል፣ ጨፋሪው ቢሞቀው ያፈጥንለታል። ማሽን ማንንም አይጠብቅም።

ጋሼ ላሊበላ ተመለሰ። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ እዚያው ነበር። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ከረመች፤ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። የእንግዳ ማረፊያው ባዶ፣ አስጎብኚው ሥራ ፈት። በየጦርነቱ አዛዡ ስም አለው፣ መግለጫ ሰጪው ስም አለው፤ የሞተው ገበሬ ቁጥር ነው። ይኸው የካሴቱ ሽፋን ነገር እዚህም መጣ አትሉም? በዚያ ዓመት ገና ግን ደወልኩ። መስመሩ ተቀጥሎ ስለነበር አገኘሁት። «ጋሼ፣ እንዴት ዋላችሁ? በዓሉ ነበር?» ብለው፣ «አንተ ደግሞ! ገና መሆኑን የማናውቅ መሰለህ?» አለኝ። ምንም የፈረንጅ መዝሙር ሰምቶ አይደለም። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ያለፈውን ካሴት ወደ አዲሱ መሣሪያ የምታዛውሩ ሙዚቃ ቤቶች፣ ከዘፋኙ ስም ሥር የተጫዋቾቹንም ስም ጻፉ፤ ብዙዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። የሬዲዮ ሰዎች፣ ዘፈኑን ስታስተዋውቁ አሥር ሴኮንድ ጨምራችሁ ድራሙን ማን እንደመታው ተናገሩ። የባህል መሥሪያ ቤቱ የቋጥኙን ዕድሜ ከሚቆጥርባት ቀን አንዲቷን ቀንሶ ማሜ ጋራ ላይ ከበሮ የሚያነግቱትን ይመዝግብ። ላሊበላ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ድንጋዩ ተመዝግቧል። ድንጋዩን የሚያናግረው እጅስ?

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ቤት አንድ አሮጌ ካሴት አይጠፋም። አውጣውና ስማው። ዘፋኙን ለአንድ ጊዜ ተወው፤ ከሥሩ ያለውን ምት ተከተል። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ አንድ ሰው ታገኛለህ። የማን አባት፣ የማን አጎት እንደሆነ ጠይቅ። ስሙን ካገኘኸው በእስክሪብቶ ሽፋኑ ላይ ጻፍለት።

የጋሼን ስም ለምን አልጻፍክም ትሉኝ ይሆናል። ጠይቄው ነበር። «መጀመሪያ የኮረሙን ሰውዬ ስም ፈልግና ጻፍ፤ እኔ እጠብቃለሁ፤ ቁም ዜማ ላይ ነን» አለኝ።

እየፈለግሁ ነው። ቸር ይግጠመን!